አዲሱን ኦፊስ ስትከፍቱ እንዳትደነግጡ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

የማኅበራችን ኮምፒውተሮች ከኦፊስ 2016 (ደብዳቤና ሂሳብ ከምንሠራባቸው ከነወርድና ኤክሴል) ወደ አዲሱ ማይክሮሶፍት 365 ተዛውረዋል። «የለመድነውን ለምን ትነካላችሁ?» ያላችሁን ሰምተናል። እውነት አላችሁ፣ ያናድዳል። ግን ለ2016ቱ ይሰጥ የነበረው የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ቆሟል። የእናንተን የቁጠባ ሂሳብ በዚያ ላይ መተው አልቻልንም።

ትልቁ ጣጣ «አውቶሴቭ»፣ ማለትም ፋይሉን በራሱ የሚያስቀምጠው፣ ነው። ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ያለ ፋይል ስትከፍቱ የነካችሁት ሁሉ ወዲያው ይቀመጣል። ድሮ ያለፈውን ወር ደመወዝ ከፍተን፣ ቁጥሩን ቀይረን፣ መጨረሻ ላይ በሌላ ስም እናስቀምጥ ነበር። አሁን እንዲያ ካደረጋችሁ ያለፈው ወር ድምጥማጡ ይጠፋል። እኔም ራሴ ጉድ ሆኛለሁ! ስለዚህ መጀመሪያ ኮፒ አውጡ፣ ከዚያ ቀይሩ። ከተሳሳታችሁም ከፋይሉ የቀድሞ ቅጂዎች መመለስ ይቻላል። ብቻ ሳትነካኩ ጥሩን።

የምትፈልጉት ትእዛዝ ቦታው ጠፋባችሁ? አልት እና ኪው ተጫኑና ስሙን ጻፉ። ከላይ ያሉት ትእዛዞች ከተሰወሩ ኮንትሮል እና ኤፍ1 ይመልሳቸዋል።

በድሮው፣ ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፉ ደብዳቤዎች ዝብርቅርቅ ያሉ ምልክቶች ሆነው ከታዩ ፋይሉ አልተበላሸም። ፎንቱ ስላልተጫነ ነው። እንዳታጠፉት፣ አደራ። የፋይሉን ስም ላኩልን፣ ፎንቱን እንጭናለን።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ነን። ጥያቄ ያለው ይምጣ፣ ቡና አለ።

የማኅበሩ ጸሐፊ