አባዬ፣ ተነስተህ ተራመድ

ውድ አባዬ፣

እንደምን አለህልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹ አድገዋል። ትንሹ ጥርሱን እየነቀለ ነው፤ ትልቋ በቁመት በልጣኛለች። ቶሮንቶ በረዶው ገና አልለቀቀም። የላክሁትን ገንዘብ ወንድሜ ተቀብያለሁ ብሎኛል። ከእሱ ላይ ለመታጠቢያ ቤቱ የማያንሸራትት ምንጣፍ ይገዛ፣ አደራ። ሁለተኛ መውደቅ የለም።

ወንድሜ ሌላም ነገር ነግሮኛል። የዳሌህ ቁስል ድኗል፣ ሐኪሙም ተራመድ ብሎሃል። አንተ ግን ከአልጋ አልወርድም ብለሃል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሲመጣ ፊትህን ወደ ግድግዳ ታዞራለህ አሉ። «እኔ በቃኝ» ትላለህ አሉ።

አባዬ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው? እኛን ያሳደግከን በምሩጽ ይፍጠር ታሪክ ነው። «የእኛው የአየር ኃይል ልጅ» እያልክ። እራት ተበልቶ ሻይ ሲቀርብ የሙኒክ ኦሊምፒክን ትጀምራለህ። 1964 ዓ.ም.። በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። 5 ሺህው ላይ ግን ሳይደርስ ቀረ፤ ውድድሩ ያለ እሱ ተጀመረ። ለምን እንደዘገየ ብዙ ተወርቷል። አንተ ግን ስለ እሱ ክፉ ሲወራ አትወድም ነበር። አገሩ ሲገባ ታሰረ። ከዚያ ሞንትሪያል ሲባል፣ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች ጥለው ወጡ፣ ኢትዮጵያም አብራ ቀረች። ስምንት ዓመት ሙሉ! ለሯጭ ስምንት ዓመት ዕድሜ ልክ ነው።

ሐምሌ 1972፣ ሞስኮ ላይ ስትደርስ ድምፅህ ዝቅ ይላል። መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ከፊት ሆነው ሲያግዙት፣ እሱ ጊዜውን ሲጠብቅ። የመጨረሻው ዙር ደወል ላይ በማንኪያህ የሻይ ብርጭቆውን ቃጭ ታደርጋለህ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ኧረ ብርጭቆው!» ትላለች። አንተ አትሰማትም፤ 300 ሜትር ቀርቶታል፣ ማርሽ ቀይሯል። 10 ሺህውን ወሰደ፣ በዚያው ሰሞን 5 ሺህውን ደገመ።

ታኅሣሥ 2009 እዚሁ ቶሮንቶ ሲያርፍ ደውለህልኝ አለቀስክ። አንተ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ይሄን ላነሳው አልፈልግም ነበር፤ ግን ይውጣልኝ። ያን ዕለት ስልኩን ስዘጋ የተሰማኝ ኀዘን ብቻ አልነበረም። ቅናትም ነበረበት። ምሩጽን ስምንት ዓመት ጠበቅከው። እኔን አንድ ፊርማ ከለከልከኝ።

ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችበት ክረምት፣ ነሐሴ 1984። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ። ሰፈሩ ሁሉ ጨፈረ፣ አንተም ጨፈርክ። እኔ ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር መሮጥ ጀመርኩ። ከአንድ ክለብ የመጡ አሰልጣኝ አይተው መረጡኝ። የቀረው የወላጅ ፊርማ ብቻ ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈህ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር ከተትከው። «ሴት ልጅ በቁምጣ ሜዳ ለሜዳ አትሮጥም፤ ትምህርትሽን ተማሪ» አልክ። አለቀ። እማዬ ለመነችህ። እኔ ግን ፈርቼህ ዝም አልኩ።

አሸንፍ ነበር አልልህም። ሐይቅ ዳር የሮጠ ሁሉ ደራርቱ አይሆንም። ደራርቱም ብትሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። ከባርሴሎና በኋላ በጉዳት ብዙ ተፈትናለች። ከዚያ ወልዳ ተመልሳ በ1993 ሲድኒ ላይ ያንኑ ወርቅ ደገመችው። በ37 ዓመቷ ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። እኔ የምልህ፣ መውደቁንም መነሳቱንም በራሴ እግር ልየው ነበር። ያስተማርከኝ ትምህርት እንጀራ ሆኖኛል፤ ስለሱ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። ቅሬታው ግን አልወጣልኝም።

እንጀራዬ ከአረጋውያን ጋር መሆኑን ታውቃለህ። ስለዚህ በዓይኔ የማየውን ልንገርህ። ዳሌው ተሰብሮ የተጠገነ ሰው ቶሎ ከተነሳ ይራመዳል። ተኝቶ ከቀረ ጡንቻው ይከሳል፣ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፣ ሳንባው ይታመማል። በእጄ ብድግ አድርጌ ያቆምኳቸው አሉ፤ አልነሳም ያሉኝም አሉ። አልነሳም ያሉት አልጋ ላይ ዛሬ ሌላ ሰው ተኝቷል። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አታድርገኝ።

የአበበ ቢቂላንም የነገርከኝ አንተው ነህ። ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ሳምንታት ቢሆነው ነው፣ ማራቶኑን ደገመው። ጨርሶም ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በ1961 ግን የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወሰዱት። የእጁ ኃይል ሲመለስለት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ተወዳደረ። በእግሩ ዳግመኛ አልቆመም። ለእኔ ያ ቀስት ከሁለቱ ወርቆቹ ይበልጥብኛል። እጁ እየሠራ እጁን አላጣጠፈም። የአንተ እግር ደግሞ ይሠራል፣ ሐኪሙ መስክሯል።

ሌላ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ትልቋ ትሮጣለች። የትምህርት ቤቷ የአገር አቋራጭ ቡድን ውስጥ ናት። ምን ትል ይሆን ብዬ ስደብቅህ ከረምኩ። ወረቀቷን ፈርሜላታለሁ። ስትሮጥ ክንዷን የምትወረውረው ቁርጥ እማዬን ነው። ስለ ምሩጽ ትጠይቀኛለች፤ እኔ እንዳንተ አልችልበትም። አንተ ንገራት። መርቃትም። እኔን ያልመረቅከኝን ለእሷ ስጣት፣ እኔም እሰማዋለሁ።

ለፋሲካ መምጣት አልቻልኩም። ፈቃድ የማገኘው ትምህርት ሲዘጋ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ቆየኝ።

የግፊት መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ። መደገፊያውን ወንድሜ አልጋህ አጠገብ ያቁመው። ስልክህን ግን ሳሎን እንዲያደርገው ነግሬዋለሁ፤ እሱን አትቆጣው፣ የእኔ ሐሳብ ነው። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ የልጅ ልጅህ ትደውልልሃለች። ተነስተህ ራስህ አንሳው። ቶሎ ባትደርስም እስክትደርስ ደጋግማ ትደውላለች።

ልጅህ፣
ከቶሮንቶ