በሕዝብ ገንዘብ የተጻፈ ኮድ ለሕዝብ ይከፈት
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ መንግሥት የሚያሠራቸው ሶፍትዌሮች በክፍት ፈቃድ እንዲወጡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በራሳቸው ባለሙያ ወይም በጨረታ የሚያሠሯቸው ሶፍትዌሮች ምንጭ ኮዳቸው (ፕሮግራመሮች የጻፉት ትእዛዝ) ማንም እንዲያየው፣ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ እንዲለቀቅ የሚያስገድድ መመሪያ እንዲወጣ በአክብሮት እንጠይቃለን።

አገራችን ከክፍት ኮድ ብዙ ተጠቅማለች። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ የቆመው ሕንድ፣ ባንጋሎር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በተጀመረውና በሞዚላ ፈቃድ 2.0 (ከክፍት ፈቃዶች አንዱ) በተለቀቀው ሞሲፕ በተባለው የመታወቂያ ሥርዓት ላይ ነው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ከዚያው ኮድ ተነስተዋል። የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ኮዳቸውን ማንም አውርዶ መመርመርና ማሻሻል ይችላል። እዚህ የሚጻፈው ኮድ ግን በአብዛኛው ከአሠሪውና ከሻጩ እጅ አይወጣም፤ ስለዚህ አንዱ ቢሮ የከፈለበትን ሥራ ሌላው ቢሮ እንደገና ከፍሎ ያሠራዋል፣ ከነስሕተቱ።

የቀን መቁጠሪያን ብቻ እንይ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። በዚህ ምክንያት መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲሆን፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን ሁሉ ከለመድነው በአንድ ቀን ተገፍቷል። ጥምቀትም በጃንዋሪ 20 ዋለ። በቋሚ ሠንጠረዥ የሚያሰላ ፕሮግራም ግን ጥር 11ን ጃንዋሪ 19 ብሎ ይመዘግባል። ስሕተቱ በ4 ዓመት አንዴ፣ ለአምስት ወር ተኩል ያህል ብቻ ስለሚታይ በርክክብ ጊዜ ሳይያዝ ያልፋል። በቅጹ ላይ ያለው የቀን መምረጫ 12 ወር ብቻ ካለው ደግሞ ጳጉሜን የተወለደ ሕፃን ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ተብሎ ይገባል። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት እየሠራ የልደት ቀን ከነሰዓቱ ከተቀመጠም፣ የእኛ እኩለ ሌሊት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሄዶ ቀኑ የትናንት ይሆናል፤ የልደት ቀን ያለ ሰዓት ብቻውን መቀመጥ አለበት። ትክክለኛው ስሌት አይሲዩ በተባለው ክፍት የኮድ ስብስብ ውስጥ ስላለ ማንም አዲስ መጻፍ አያስፈልገውም። የጎደለን ጳጉሜን የሚያውቅ የጋራ መምረጫና እነዚህን አስቸጋሪ ቀኖች የያዘ መፈተኛ ነው።

የስም ፍለጋም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሴት «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ አትገኝም፤ ሁለተኛ ፋይል ይከፈትላታል። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጦ፣ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ የመፈለጊያ ዓምድ ለብቻ መጨመር ነው። የተመዘገበውን ስም ራሱን መለወጥ ግን ከሌላ ሰነድ ጋር ያጋጨዋል። ይህ ሕግ ለአማርኛ ይሠራል፤ ለትግርኛ አይሠራም፤ በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ የተለያየ ድምፅ ስላላቸው ሁለት የተለያዩ ስሞች ይቀላቀላሉ። ኮዱ ክፍት ሲሆን መቀሌ ያለ ባለሙያ ይህን አይቶ ማስተካከያውን ይልካል። ተዘግቶ ከተቀመጠ የሚያውቀው ፋይሉ የጠፋበት ባለጉዳይ ብቻ ነው።

ኮድ ከተከፈተ ሰርጎ ገቦች ይጠቀሙበታል የሚለው ስጋት መልስ ይገባዋል። ምስጢር መሆን ያለባቸው የይለፍ ቃሎች፣ የምስጠራ ቁልፎች፣ የሰርቨር አድራሻዎች፣ ማጭበርበርን ለመለየት የተቀመጡ ገደቦችና የዜጎች መረጃ ናቸው፤ የመጨረሻውንማ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይጠብቀዋል። ደኅንነቱ ኮዱ ባለመታየቱ ላይ ብቻ የቆመ ሥርዓት ቀድሞውንም ደኅንነት የለውም። መክፈት ብቻውን ግን አይበቃም። በዲሴምበር 2021 ብዙ ፕሮግራሞች የሥራ መዝገብ በሚይዙበት በሎግ4ጄ የተገኘው አደገኛ ክፍተት የነበረው ለዓመታት ክፍት ሆኖ በኖረ ኮድ ውስጥ ነው። ክፍተት ያገኘ ሰው በምስጢር የሚጠቁምበት አድራሻ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን ገደብና በቅን ልቦና ለጠቆመ ሰው በጽሑፍ የተቀመጠ ዋስትና ያስፈልጋል። ያለዚህ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባትን ስለሚቀጣ፣ ክፍተት ያየ ሁሉ ዝም ማለትን ይመርጣል።

ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ገና ጨረታው ሲወጣ ነው። የጨረታ ሰነዱ «ሥራ ላይ የዋለ ሥርዓትና የተጠቃሚ መመሪያ» ብቻ ከጠየቀ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲጨርስ በእጁ የሚቀረው የሚሠራ ፕሮግራም እንጂ ለሌላ የመልቀቅ መብት ላይሆን ይችላል። ውሉ የቅጅ መብቱ ወደ መንግሥት እንደሚተላለፍ፣ ምንጭ ኮዱ ከሙሉ የለውጥ ታሪኩ፣ ከዳታቤዝ አወቃቀሩና ከመገንቢያ ትእዛዞቹ ጋር እንደሚረከብ በግልጽ ይጻፍ። የርክክብ ፈተናውም ቀላል ነው፤ ሥራውን የማያውቅ ባለሙያ ባዶ ኮምፒውተር ይሰጠውና መመሪያውን ብቻ እያነበበ በአንድ የሥራ ቀን ፕሮግራሙን ከምንጭ ኮዱ ገንብቶ ያስነሣ። ካልተነሣ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

ቀድሞ የተጻፈ ኮድ ሲከፈት ትልቁ አደጋ ጊት የተባለው መሣሪያ የሚይዘው የኮዱ የለውጥ ታሪክ ነው። የይለፍ ቃልን ዛሬ ከፋይሉ መሰረዝ ከታሪኩ አያጠፋውም፤ የፈለገ ሰው የድሮውን ኮሚት (በታሪኩ የተመዘገበውን ለውጥ) ከፍቶ ያነበዋል። ስለዚህ በቅድሚያ የይለፍ ቃሎቹና ቁልፎቹ በሙሉ ይቀየሩ፤ ከዚያ ታሪኩ እንደ ጊትሊክስ ባለ፣ የተረሱ የይለፍ ቃሎችንና ቁልፎችን በሚፈልግ መሣሪያ ይፈተሽ። በጣም ከቆሸሸ የድሮው በመዝገብ ቤት ይቀመጥና የጸዳው ኮድ በአዲስ ታሪክ ይጀመር። የመሞከሪያ ፋይሎች ውስጥ የእውነተኛ ሰዎች ስምና ስልክ ስለሚገኝ እነሱም አንድ በአንድ ታይተው በሰው ሠራሽ መረጃ ይተኩ። ከሌላ ቦታ የመጡት ክፍሎች ሁሉ ከነፈቃዳቸው ይዘርዘሩ፤ የተገዛ ዝግ ክፍል ካለ ይወጣል ወይም ይተካል።

ፈቃዱን በተመለከተ መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸውን እንዳይጽፉ አጥብቀን እንመክራለን። እንደ ቀን መምረጫው ላሉ ትንንሽ የጋራ ክፍሎች አፓቼ 2.0 ይበቃል። በኢንተርኔት አገልግሎት ለሚሰጥ ሙሉ ሥርዓት ኤጂፒኤል 3 ይሻላል፤ ኮዱን አሻሽሎ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ማሻሻያውን ለተጠቃሚዎቹ እንዲከፍት ያስገድዳልና። ፈቃድ ሳይጻፍበት ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ኮድ ክፍት አይደለም፤ ሙሉ መብቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል።

እንደ ሞሲፕ ወይም ዲኤችአይኤስ2 በመሰለ ኮድ ላይ የሚሠራ ማሻሻያ ደግሞ ወደ ምንጩ ይላክ። ለብቻ የተገነጠለ ቅጂ በመጀመሪያው ዓመት ችግር የለበትም፤ ውሎ ሲያድር ከዋናው ይርቅና የደኅንነት ማስተካከያ ሲወጣ መቀላቀል የማይቻልበት ደረጃ ይደርሳል።

ለእያንዳንዱ የተከፈተ ሥራ ቢያንስ ሁለት ባለሙያዎች በሥራ መዘርዝራቸው ላይ ተጽፎ ይመደቡ፤ አንድ ብቻ ከሆነ መሥሪያ ቤት በቀየረ ማግስት ሥራው ይቆማል። ከውጭ ለሚመጣ ማስተካከያ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ፤ «አንቀበለውም» የሚል መልስም መልስ ነው። ለሳምንታት መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይልክም።

መጀመሪያ የቀን መምረጫውና የስም ፍለጋው እንዲከፈቱ እንጠይቃለን። ሁለቱም የዜጋ መረጃ አይዙም፤ ከየትኛውም ሰርቨር ጋር አይገናኙም። የውሉ አንቀጽ ግን እነሱን ሳይጠብቅ ከሚቀጥለው የሶፍትዌር ጨረታ ሰነድ ጀምሮ ይግባ።

ከአክብሮት ጋር
በሶፍትዌር ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች