እማዬ፣ ስለዚያ ፎቶ ላስረዳሽ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ? የአባዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ባለፈው የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቡና ትጠጫለሽ?» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ። እማዬ ሙች፣ ቤቱን ያረከስኩት እኔ አይደለሁም!

ቦታው ዛሬ መጻሕፍት መደብር ነው፣ እዚሁ ማስትሪክት፣ ደቡብ ኔዘርላንድስ። ዶሚኒካን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ነበር። በፈረንጆች 1294 ነው የተባረከው፤ ንጉሥ ላሊበላ ካረፈ 100 ዓመት እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። 500 ዓመት ተቀደሰበት። በ1794 የፈረንሳይ አብዮት ጦር ከተማዋን ያዘ። መነኮሳቱ ተባረሩ፣ ወታደሩ ፈረሱን አስገባበት። አዎ፣ ፈረስ! ከዚያ ወዲህ ያልሆነው የለም። መጋዘን ሆነ፣ የከተማው መዛግብት ተከማቸበት፣ ልጆች ጨፈሩበት። የብስክሌት ማቆሚያም ሆኖ ነበር። አንቺ የተቆጣሽው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመጣው መጽሐፍ ነው።

መጻሕፍት መደብር የሆነው በ2006 መጨረሻ ነው። ሕንጻው ቅርስ ስለሆነ ግድግዳውን መንካት ክልክል ነው። ወለሉ ደግሞ ለመጽሐፉ ሁሉ አይበቃም። ታዲያ በአንድ ጎን ብቻ ባለ ሦስት ፎቅ ጥቁር የብረት መደርደሪያ አቆሙ። ደረጃውን ወጥተሽ በመደርደሪያው መሃል ትሄጃለሽ። ነገ ይነሳ ቢባል ተነቅሎ ይወጣል፣ ቤቱ እንደነበረ ይቀራል። እላይ ስትደርሺ ከምሰሶዎቹ ራስ ጋር ትተያያለሽ። ጣሪያው ላይ በ1619 የተሳሉ ሥዕሎች ደብዝዘው ይታያሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ የዶሚኒካኑ መነኩሴና ሊቅ የቶማስ አኳይናስ ታሪክ አለ፣ በ1337 የተሳለ። ካቶሊኮች ቅዱስ ካሉት ገና 14 ዓመቱ ነበር። ተፋፍቋል፤ ግን ያንን የፈረስ ዘመን እንዴት እንዳለፈው እንጃ።

የቡናው ነገር ግን እውነትሽን ነው። ካፌው ያለው መንበሩ በነበረበት በኩል ነው፤ በእኛ ቢሆን ከካህናት በቀር ማንም የማይረግጠው። መሃል ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ረጅም ጠረጴዛ አለ። እሱ ላይ ስኒ ማስቀመጥ እስካሁን እጄን ይከብደኛል። ዳር ዳሩን ነው የምቀመጠው፣ ፎቶውን ደግመሽ እዪው።

በ2014 መደብሩን የያዘው ድርጅት ከሰረ። ሠራተኞቹ አንዘጋም አሉ። ሕዝቡ አዋጥቶ 100,000 ዩሮ ሰጣቸው፣ እነሱም ተረክበው ቀጠሉ። እኔ የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ሲዋጣ ነው፤ ለመጽሐፍ ቤት ሲዋጣ የሰማሁት እዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ለሰዎቹም ስል እሄዳለሁ።

አንድ ነገር የነፍስ አባታችንን ጠይቂልኝ። በገባሁ ቁጥር በሩ ላይ ሳላስበው አማትባለሁ፣ ደጃፉንም ልሳለም ጎንበስ እላለሁ። ሻጩ ልጅ የወደቀብኝ ነገር ያለ መስሎት ወለሉን አብሮኝ ፈልጓል። ቅዳሴ የሌለበትን ደጅ መሳለም ነውር አለው?

በርበሬው ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ።

ልጅሽ