የአሜሪካዊቷን የፊልም ተዋናይት የሃቲ ማክዳንኤልን ገጽ ለምታዘጋጁ

ውድ አባላት፣ የፊልሞቿን ዝርዝር ስታወጡ መክፈቻው ላይ በሚታዩት ስሞች ብቻ አትመሩ። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስቱዲዮዎቹ የብዙ ትናንሽ ሚናዎችን ተዋንያን ስም አይጽፉም ነበር፤ ስለዚህ ብዙ ሥራዋ ያመልጣችኋል። ፊልሙን እያያችሁ በመልኳና በድምፅዋ ለዩ።

«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተባለው ፊልም ስላገኘችው ኦስካር ደግሞ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 የተቀበለችው ሙሉ ሐውልት አይደለም። ያኔ ለረዳት ተዋንያን የሚሰጠው ትንሽ ሐውልት የተለጠፈበት ሰሌዳ ነበር፤ ሙሉው የመጣው በ1944ቱ ሥነ ሥርዓት ነው። በዚያ ምሽት በአምባሳደር ሆቴል ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተነጥላ፣ ጥግ ላይ ባለ ትንሽ ጠረጴዛ መቀመጧን እባካችሁ አትዝለሉት፤ ጥቁር በመሆኗ ነው። ሰሌዳው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ጠፋ፤ ምትኩን የኦስካር ሽልማት ሰጪው አካዳሚ የሰጠው በ2023 ነው።