ሚዜው ሙሽራ የሚሆንበት ሰርግ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ «ካማላ ሃሪስ የፔንሲልቬኒያውን ገዥ ጆሽ ሻፒሮን ተጣማሪ ብታደርግ ኖሮ ታሸንፍ ነበር» ብለው ጽፈዋል። ተጣማሪ ማለት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት አብሮ የሚወዳደረው ሰው ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና ሒሳቡ አይሞላም። በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሃሪስ ያገኘችው የኤሌክቶራል ድምፅ (በየስቴቱ ተቆጥሮ ፕሬዚዳንቱን የሚለየው ድምፅ) 226 ነው። ፔንሲልቬኒያ ያላት 19 ነው። ሲደመር 245። ለማሸነፍ ደግሞ 270 ያስፈልጋል። እንግዲህ ሰውየው ግዛቱን ተሸክሞ ቢመጣላት እንኳ 25 ይጎድላታል።

ጸሐፊውን ለማሳጣት አይደለም። ሁላችንም እንደዚያው ነው የምናወራው። ተጣማሪ በተመረጠ ቁጥር ቡና ላይ ቁጭ ብለን «ይሄ የትኛውን ስቴት ያመጣል?» እንላለን። የሚታለፈው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ አንድ ነገር ቢሆን ይሄ ሰው አገር ይመራል ወይ?

ተጣማሪ ሲባል እኔ የሚታየኝ ሚዜ ነው። ሚዜ ሲመረጥ ሙሽራውን እንዳይበልጥበት ይታያል። ሱፍ ያምርበታል? ይጨፍራል? የሙሽሪትን ዘመዶች ያግባባል? ልዩነቱ፣ የእኛ ሚዜ ሰርጉ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ የአሜሪካው ግን ሙሽራው ከሌለ ሙሽሪትን ይወስዳል። 9 ጊዜ ሆኗል። ስምንቱ ፕሬዚዳንቱ ሞቶ፣ አንዱ ኒክሰን ለቆ። ኒክሰንን የተካው ፎርድማ ጭራሽ ለምክትልነትም አልተወዳደረም፤ ከኒክሰን ጋር የተመረጠው አግነው በቅሌት ሲለቅ የተሾመ ነው።

እናቴ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠች። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ መነጽሯን ሁለቴ ጠርጋ። ረዳት ሆኜ ፎርም ፈርሜ አብሬያት ገባሁ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ተጽፈዋል፣ አጠገባቸው የምትጠቆረው ሞላላ ክብ ግን አንድ ናት። እማዬ ጣቷን አንዱ ላይ አድርጋ «ፊተኛው የነዚህ ይሁን፣ ኋለኛው ግን የነዚያ» አለችኝ። አይቻልም አልኳት። «ለምን? ሁለት ሰው አይደሉም እንዴ?» እየሳቅኩ «ክቧ አንድ ናት እማዬ» አልኳት። ሳቄ አላማራትም። መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን ሳስርላት «ለመሆኑ የኋለኛው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?» ስትለኝ ግን እኔም ሳቄን ዋጥኩ። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስሙ ሲነሳ ሰምታ አታውቅማ።

እማዬ የፈለገችው ነገር ደግሞ ድሮ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች ሁለተኛ የወጣው ምክትል ይሆን ነበር። በ1796 አዳምስ አንደኛ፣ ባላንጣው ጄፈርሰን ሁለተኛ ወጡና አንድ መንግሥት ውስጥ ተቀመጡ። አልሆነም። በ1800 ደግሞ ጄፈርሰንና የራሱ ወገን ቡር እኩል 73 የኤሌክቶራል ድምፅ አገኙ፣ ምክር ቤቱ 36 ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ነው የለያቸው። በ1804 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የኤሌክቶራል ድምፅ ሰጪዎቹ ለሁለቱ ሥልጣን ለየብቻ ድምፅ ይስጡ ተባለ። ተራው መራጭ ግን ዛሬ ሁለቱን እንደ ታሰረ ጥቅል ነው የሚወስዳቸው። አሳሪው ደግሞ አንድ ሰው ነው፣ ያውም በችኮላ። ሃሪስ ራሷ ባይደን ከውድድሩ ከወጣ በኋላ ተጣማሪዋን ቲም ዋልዝን እስክታስተዋውቅ 16 ቀን ነው የነበራት።

«ስቴት ያመጣል» የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ የኬኔዲን ተጣማሪ፣ የቴክሳሱን ሊንደን ጆንሰንን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ በ1960 ኬኔዲ ቴክሳስን በጠባብ ልዩነት ሲወስድ ጆንሰን ረድቶታል። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ኬኔዲ ኅዳር 1963 ዳላስ ላይ ተገደለ፣ ጆንሰን እዚያው ቆሞ በነበረ አውሮፕላን ውስጥ ለፕሬዚዳንትነት ማለ። (ጃንሆይ በጥቅምት ኋይት ሐውስ ድረስ መጥተው ኬኔዲን ጎብኝተው ነበር፣ በቀጣዩ ወር ለቀብሩ ተመለሱ።) የሲቪል መብት ሕጉን በ1964 የፈረመው ጆንሰን ነው። በ1965 ደግሞ በአገር ኮታ አፍሪካን ከሞላ ጎደል በሩን ዘግቶባት የኖረውን የኢሚግሬሽን ሥርዓት የሻረውን ሕግ ፈረመ። ሐሳቡን ኬኔዲ ጀምሮት ነበር። የስደተኞቹ ሕግና ዲቪው በኋላ ነው የመጡት፣ በሩ መከፈት የጀመረው ግን ያኔ ነው። ቬትናም ውስጥ አገሩን የዘፈቀውም ይኸው ሰውዬ ነው። ለቴክሳስ ሲባል የገባ ሚዜ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው!

ትሩማንም አለ። በ1944 የሩዝቬልትን ጤና ያዩ የፓርቲው አለቆች ምክትሉን ዋላስን አስወጥተው እሱን አስገቡ። ምክትል ሆኖ 82 ቀን ሲሞላው ሩዝቬልት ሞተ። የአቶሚክ ቦምቡን ነገር በደንብ የነገሩት ከማለ በኋላ ነው። እስቲ አስቡት።

እኔ የታክሲ ፈቃድ ሳወጣ አሻራ ሰጥቻለሁ፣ የመንዳት ታሪኬ ተመርምሯል፣ መልስ እስኪመጣ ጠብቄያለሁ። በ1972 የዴሞክራቶቹ ዕጩ ማክገቨርን ሴናተር ኢግልተንን ተጣማሪ አድርጎ ሲመርጠው ግን ነገሩ ያለቀው በአጭር የስልክ ወሬ ነው። ሰውየው በድብርት ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ በኤሌክትሪክ መታከሙ ኋላ ወጣ። በ18 ቀኑ ለቀቀ። ለእኔ ጥፋቱ መታመሙ አይደለም፣ ቀድሞ አለመጠየቁና አለመናገሩ ነው። የተተካው ሳርጀንት ሽራይቨር የፒስ ኮር (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት) የመጀመሪያ ኃላፊ የነበረው ነው፣ አባቶቻችንን እንግሊዝኛ ያስተማሩትን ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ የላከው። ምን ዋጋ አለው፣ ማክገቨርን ማሳቹሴትስንና ዲሲን ብቻ ይዞ ቀረ። ዛሬ ጠበቆች የዕጩዎቹን ግብርና ሕክምና ሳይቀር ያገላብጣሉ ይባላል። ጥሩ። ግን የሚያገላብጡት ዘመቻውን የሚያሳፍር ነገር እንዳይወጣ ነው፣ ለመራጩ ብለው አይደለም።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር ልለምን። ለ2028 ዕጩዎቹ ሲታወቁ ለተጣማሪዎቹ ሙሉ ገጽ ስጡልን። ፎቷቸው ከዋናዎቹ እኩል ይሁን። «ስለ ኢትዮጵያ ምን አሉ» ብቻ ሳይሆን፣ ገዥ ወይ ሴናተር ሳሉ ምን ሠሩ፣ በጀት ሲጎድል ከየትኛው ቆረጡ፣ ከአለቃቸው ጋር ያልተስማሙት በምን ላይ ነው፣ ይሄን ጻፉልን። ፊደሉም ትንሽ ከፍ ይበል፣ እማዬ ራሷ ማንበብ ትፈልጋለች።

አንባቢያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ