ልጆቻችን የታገዱትንም ያንብቡ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እ.ኤ.አ. በ2013 የቺካጎ ከተማ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር የኢራን ተወላጇ ደራሲ ማርጃን ሳትራፒ «ፐርሰፖሊስ» የተሰኘው መጽሐፍ ከመማሪያ ክፍሎች እንዲወጣ አዘዘ። ምክንያቱ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ጸያፍ ቃላትና የግርፋት ሥዕሎች ናቸው ተባለ። ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጡ። በጎንደር የማስተምር የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነኝ፤ ከተማሪዎቹ ጎን እቆማለሁ።

መጽሐፉ ቴህራን ውስጥ ያደገች ልጅ የራሷን ሕይወት በሥዕል የተረከችበት ነው። አብዮት ይፈነዳል፤ የምትወደው አጎቷ ታስሮ ይገደላል፤ ወላጆቿ በ14 ዓመቷ ብቻዋን ወደ ቪየና ይልኳታል። ኢራንን በካርታ ብቻ የሚያውቅ የጎንደር ተማሪ ይህን ሲያነብ፣ አያቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩለት ቀይ ሽብር ትዝ ይለዋል። የባዕድ አገር ሰው እንዲህ ሲቀርበው ሌላ የት ያገኛል?

«ሥዕል ያለበት መጽሐፍ የሕፃናት ነው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። የሰማዕታትን መከራ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ እያየ ላደገ የከተማችን ልጅ ይህ አባባል አይመጥነውም። እነዚያ ሥዕሎች ስቃይን አይሸሽጉም፤ እኛም የልጆቻችንን ዓይን አንሸፍንም።

እገዳን ደግሞ እናውቀዋለን። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በደርግ ዘመን ከገበያ ተሰብስቦ ነበር።

ለታዳጊዎች ይከብዳል የሚል ወላጅ ስጋቱ ይገባኛል። ስለዚህ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ መምህር አብሮ እያነበበ ይሁን። የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለቤተ መጻሕፍታቸው ጥቂት ቅጂዎች እንዲገዙ፣ አሳታሚዎችም እንዲህ ያሉ ሥራዎችን በአማርኛ እንዲያቀርቡልን እጠይቃለሁ።

መምህርት፣ ከጎንደር