«ኮንጄኒታል» የሚለውን ቃል ለእናቶች ከመናገርሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሚቀጥለው ሳምንት ለተግባር ልምምድ ማዋለጃ ክፍል እንደምትገቢ ከነገርሽኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ሳትገቢ ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ።

የተወለድሽ ዕለት ሁለቱም እግሮችሽ ወደ ውስጥ ዞረው ነበር። ሐኪሙ አገላብጠው አዩሽና «ኮንጄኒታል ነው» ብለው፣ ካርዱ ላይ ጽፈው ወጡ። እኔ «የዘር ነው» ያሉኝ መሰለኝ። አራስ ጥየቃ የመጣው ሁሉ «በማን ወጣች?» ይላል፤ የአባትሽ ወገን ወደ እኔ፣ የእኔ ወገን ወደ አባትሽ ያያል። ሌሊት እያጠባሁሽ ዘጠኙን ወር ወደ ኋላ እቆጥር ነበር። ያነሳሁት እንስራ ይሆን? የዋጥኩት የራስ ምታት ክኒን ይሆን? ይህን ለአባትሽም አልተናገርኩም።

ነገሩን የፈታችልኝ ጄሶ የምታስርልሽ ሲስተር ናት። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፣ «አብሮ የተወለደ» ማለት ነው አለችኝ። ሲወለድ እንደነበረ እንጂ ከምን እንደመጣ አይናገርም። ከዘር የመጣ አለ፤ እንደ ቂጥኝ ከእናት የተላለፈ አለ፤ በእርግዝናው መጀመሪያ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን በማነሱ ሊመጣ የሚችል የጀርባ አጥንት ክፍተት አለ። በዘር የሚተላለፍ ሆኖ ሲወለዱ የማይታይ፣ ሰው ከጎለመሰ በኋላ ብቅ የሚልም አለ። እንደ አንቺ ያለውን ቆልማማ እግር ከ1,000 ሕፃናት አንድ ያህሉ ይዞት ይወለዳል። በቤተሰብ ካለ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ አይታወቅም። «አንቺ ያደረግሽው አይደለም» ስትለኝ እዚያው አለቀስኩ።

የማይድን ማለትም አልነበረም። ጄሶው በየሳምንቱ ተቀየረልሽ፤ በኋላ የተረከዝሽ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ተቆረጠ። በብረት የተያያዘውን ጫማ ሦስት ወር ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ አራት ዓመት እስኪሞላሽ ሌሊት ሌሊት አደረግሽ። ዘዴውን ያወጡት አሜሪካ፣ አዮዋ ይሠሩ የነበሩት ስፔናዊው ዶክተር ፖንሴቲ መሆናቸውን የሰማሁት ኋላ ነው።

አሁን ያን ቃል ካርድ ላይ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። የተሰነጠቀ ከንፈርም ቢሆን፣ የልብ ቀዳዳም ቢሆን ጻፊ፤ ሙያሽ ነው። እናትየዋ ላይ ግን ቃሉን ጥለሽ አትውጪ። አጠገቧ ተቀምጠሽ «አብሮት የተወለደ ነው» በያት። ምክንያቱ ከታወቀ ንገሪያት፤ ካልታወቀም አለመታወቁን ንገሪያት። ወዴት እንደምትሄድ ሳታሳያት አትለያት። «ተፈጥሮ ነው» ብለሽም አትለፊ፤ እኛ ዘንድ «ተቀበይው» ማለት ነው። እንዲያ ብለውኝ ቢሆን ቤት ይዤሽ እቀር ነበር።

እናንተ ትምህርት ቤት በአማርኛ ምን እንደምትሉት ጻፊልኝ።

እናትሽ